«ያኛው ምን አጥፍቶ ነው?»

ውድ አማካሪ፣

ዓምድዎን ለረጅም ጊዜ ስከታተል ብቆይም አንድ ቀን እኔም እጽፋለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። በቀዶ ሕክምና ተኝቶ መታከሚያ ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ፤ ከተመረቅኩ አምስት ዓመቴ ነው። ባለፈው ዓመት ከሥራዬ ጎን ለጎን የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት ጀምሬያለሁ፤ ጭንቀቴም የመጣው ከዚያው ነው ማለት ይቻላል።

በክፍላችን ለታካሚ የተደረገ ካኑላ፣ ማለትም ፈሳሽና መድኃኒት በደም ሥር የሚሰጥበት ቀጭን ቱቦ፣ ቢሠራም ባይሠራም ሦስት ቀን ሲሞላው ይነቀልና በሌላ ቦታ አዲስ ይደረጋል። እኔም ሥራ ስጀምር እንዲህ ተምሬ፣ ለተማሪዎችም እንዲሁ ሳስተምር ኖሬያለሁ። በትምህርቴ ላይ ግን ምልክት ሲታይ ብቻ ከመቀየር ይልቅ በየሦስት ቀኑ መቀየሩ የተሻለ ጥቅም እንደሌለው የሚያሳዩ ጥናቶችን አነበብኩ። በሳምንቱ የማታ ተረኛ ሆኜ ሳለሁ፣ የአንጀት ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው የአንዲት አረጋዊት እናት ካኑላ ሦስት ቀን ሞላው። ክንዳቸው ላይ ነበር፤ አልቀላም፣ አላበጠም፣ ስነካው አላመማቸውም፣ ፈሳሹም ሳይደናቀፍ ይገባ ነበር። ደንብ ደንብ ነውና ነቀልኩት። የደም ሥራቸው ቀጭንና የሚሸሽ ስለነበር ሦስት ጊዜ ወግቼ ሳይሳካልኝ ቀረ፤ በአራተኛው የእጃቸው ጀርባ ላይ አገኘሁ። ፕላስተሩን ስለጥፍ አንጓዬን ያዝ አድርገው፣ «ልጄ፣ ያኛው ምን አጥፍቶ ነው?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ጠዋት በፈረቃ ርክክብ ላይ፣ እንቅልፍ አጥቼና ተናድጄ፣ ስልኬን አውጥቼ የጥናቱን መደምደሚያ በሁሉም ፊት አነበብኩ፤ «የምንሠራው በማስረጃ ያልተደገፈ ነው፣ ሕሙማንን በከንቱ እያሠቃየን ነው» አልኩ። የክፍሉ ኃላፊ ሲስተር፣ ጀማሪ ሳለሁ እጄን ይዘው ካኑላ መክተት ያስተማሩኝ እርሳቸው ናቸው፣ ጥቂት ዝም አሉና፣ «እኔ እዚህ ክፍል ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። ሕሙማኑን የሚያድናቸው ስልክሽ ከሆነ፣ ዛሬ ማታ ስልክሽን ተረኛ አድርጊው» አሉኝ። ሁሉም ሳቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ «ፕሮፌሰር» ሆኗል። ሲስተርም ሰላምታዬን ይመልሱልኛል እንጂ እንደ ድሮው አያጫውቱኝም።

እውነቱን ለመናገር፣ ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ሦስት ቀን የሞላውን ካኑላ ለማንም ሳልናገር ትቼዋለሁ። ምንም አልተፈጠረም፤ ይሁን እንጂ ቤቴ ገብቼ መተኛት አቃተኝ። ሌላም አለ፤ ከሰዓት በኋላ ቀዶ ሕክምና የሚደረግላቸው ሰዎች ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ጠብታ ውኃ ሳይቀምሱ ሲውሉ አያለሁ፤ ይህም ከተማርኩት ጋር አይስማማም። አሁን በራሴ ፈረቃ በዝምታ ልቀጥል፣ ወይስ ሁሉንም ትቼ እንደ ሌላው ሰው ልሥራ፣ ወይስ ወደ ሌላ ክፍል ልዛወር እያልኩ እዋልላለሁ። የዝውውር ቅጹን ሞልቼ በቦርሳዬ ይዤው እዞራለሁ። ምን ይመክሩኛል?

«ፕሮፌሰሯ»

ውድ እህቴ፣

እናቲቱ አንጓሽን ይዘው የጠየቁሽ ጥያቄ ከብዙ የምርምር ርእስ ይልቅ ጥርት ያለ ነው። ጥፋት ያልተገኘበትን ካኑላ ቀኑ ስለደረሰ ብቻ መንቀል ለታካሚው ምን ይጠቅመዋል? ተመራማሪዎችም የጠየቁት ይህንኑ ነበር። ክሌር ሪካርድ የተባሉ የነርሲንግ ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2012 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ባወጡት ጥናት፣ በአውስትራሊያ ሦስት ሆስፒታሎች የተኙ 3,283 ሕሙማን በዕጣ ለሁለት ተከፍለው የአንዱ ቡድን ካኑላ በየሦስተኛው ቀን፣ የሌላው ደግሞ ምክንያት ሲገኝ ብቻ እንዲቀየር ተደረገ፤ የደም ሥር ብግነት ያጋጠማቸው ከሁለቱም ወገን 7 በመቶ ያህል ነበሩ። ስለዚህ ያነበብሽው ልክ ነው፤ የዚያ ሌሊት ቁጭትሽም ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም።

ወደ ምክሩ ከመግባቴ በፊት ግን አንድ ጥያቄ ልጠይቅሽ። ያን ዕለት ጠዋት ስልክሽን ያወጣሽው ነገ ሌላ ታካሚ በከንቱ እንዳይወጋ ብለሽ ነበር ወይስ እኒያን እናት አራት ጊዜ በመውጋትሽ የተሰማሽን ጸጸት ለማራገፍ? ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ ያደረ ሰው ሁለቱም ተቀላቅለውበት ቢናገር አይፈረድበትም፤ የምጠይቅሽም ለመውቀስ አይደለም። መልሱ ከሲስተር የምትፈልጊውን ነገር ስለሚወስን ነው። የምትፈልጊው ደንቡ እንዲቀየር ከሆነ መንገድ አለው። ልክ እንደነበርሽ በሰው ፊት እንዲመሰክሩልሽ ከሆነ ግን ደንቡ ተቀይሮም እንኳ ያን ምስክርነት ላታገኚው ትችያለሽ፤ ይህን አስቀድመሽ ከራስሽ ጋር ብትነጋገሪበት ኋላ የሚያሳዝንሽ ነገር ይቀንሳል።

አሁን ጥናቱን መልሰን እንየው። «ምክንያት ሲገኝ ብቻ ይቀየር» ሲባል፣ ምክንያቱን በየዕለቱ የሚፈልግ ዓይን አለ ማለት ነው። በዚያ ጥናት ውስጥ የነበሩት ሕሙማን ካኑላቸው በየቀኑ ይታይ ነበር፤ አንድ ሰው አልጋው አጠገብ ቆሞ ቀልቷል ወይ፣ አብጧል ወይ፣ ያምማል ወይ ብሎ ይመረምር ነበር። በእናንተ ክፍል ይህን የሚያደርግ ማን ነው? በስንት ሰዓቱ? በጽሑፍስ ይሰፍራል? ይህን የምልሽ ለክርክር ብዬ አይደለም። በስዊዘርላንድ ጄኔቫ የሚገኝ አንድ ትልቅ ሆስፒታል ካኑላን በ96 ሰዓት መቀየሩን ትቶ ምልክት ሲታይ ብቻ ወደ መቀየር በተሻገረ ጊዜ ከካኑላ ጋር የተያያዘ የደም ኢንፌክሽን ጨምሮበት ወደ ቀድሞው ደንቡ ተመልሷል፤ ይህም እ.ኤ.አ. በ2021 ታትሟል። በዕጣ የተከፈለ ሙከራ ስላልሆነ የቀደመውን ጥናት አይሽረውም፣ የኢንፌክሽኑም ቁጥር በጠቅላላው ሲታይ ጥቂት ነበር፤ ነገር ግን ያን ዕለት ጠዋት በርክክቡ ላይ ይህን ጽሑፍ ያነበበ ሰው ቢኖር ኖሮ ምን ትመልሺለት ነበር?

እኔ እንደሚመስለኝ የሦስት ቀኑ ደንብ ካኑላውን ከማስቀየር ሌላ አንድ የማይታይ ሥራ ይሠራል፤ ቀጠሮ ይይዛል። አንዲት ነርስ ብዙ ታካሚዎችን ይዛ በምታድርበት ክፍል፣ ከአንሶላ ሥር የተደበቀን ክንድ ገልጦ ለማየት ጊዜ በማይገኝበት ሌሊት፣ ቢያንስ በሦስተኛው ቀን አንድ ሰው ያንን ክንድ እንዲነካ የሚያስገድደው ያ ቀን ነው። ቀጠሮውን አንሥተሽ በምትኩ ምንም ካላስቀመጥሽ፣ ካኑላው በአምስተኛውም በሰባተኛውም ቀን ማንም ሳያየው ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ የአንቺ ጥያቄ «ጥናቱ ልክ ነው ወይስ ሲስተር?» መሆኑ ቀርቶ «ደንቡ ይጠብቀው የነበረውን ነገር ከአሁን በኋላ ምን ይጠብቅልናል?» ቢሆን፣ ከሲስተር ጋር ፊት ለፊት ሳይሆን ጎን ለጎን የሚያቆማችሁ ጥያቄ ይሆናል።

ዴቪድ ሳኬትና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1996 በማስረጃ ላይ የተመሠረተ ሕክምና ምን እንደሆነ ሲያብራሩ፣ ከጥናት የተገኘን የተሻለ ማስረጃ ከባለሙያው የሥራ ልምድ ጋር ማዋሐድ እንደሆነ ጽፈዋል፤ የታካሚውም ፍላጎት በዚያው ውስጥ አለ። ማስረጃው በእጅሽ ነው፤ የታካሚዋንም ቃል ሰምተሻል። የጎደለሽ ሃያ ሁለት ዓመት ያየ ሰው ልምድ ነው፤ እርሱ ደግሞ ያለው ከተቀየሙሽ ሰው ዘንድ ነው።

ሲስተር ለምን እንደዚያ እንደመለሱልሽ ሳስብ የራሴ ታሪክ ትዝ ይለኛል። እኔም ነርስ ነበርኩ፤ ለብዙ ዓመታት የተኙ ሕሙማንን ጀርባና ተረከዝ፣ በተለይ ቀላ ሲልብኝ፣ በአልኮል እያሸሁ የአልጋ ቁስል እከላከላለሁ ብዬ አምን ነበር። እጄ ለስላሳ ነው ይሉኝ ነበርና እኮራበትም ነበር። የቀላን ቆዳ ማሸት ከሥር ያለውን ሥጋ ሊጎዳ ስለሚችል መመሪያዎች እንደማይደግፉት የነገረችኝ ከእኔ በብዙ ዓመት የምታንስ ነርስ ናት። ዕቃ ቤት ውስጥ ሁለታችን ብቻ አንሶላ ስንቆጥር፣ «ሲስተር፣ ይህ ነገር ቆዳውን ይጎዳው ይሆን? አንድ ነገር አንብቤ ግራ ገብቶኛል፣ አብረን ብናየው?» አለችኝ። ጽሑፉን ወስጄ ሦስት ሳምንት ሳላነብ አስቀመጥኩት። ሳነበውም የተሰማኝ የመሳሳት ሐፍረት ብቻ አልነበረም፤ በእጄ አልፈው የሄዱት ሕሙማን ሁሉ ፊታቸው ይመጣብኝ ነበር። እንዲህ ያለው ነገር በሰው ፊት፣ በጠዋት ርክክብ ላይ ቢነገረኝ ኖሮ፣ እኔም ስለ ስልክ አንድ ነገር ሳልናገር የምቀር አይመስለኝም።

እንግዲህ የመጀመሪያው እርምጃ ከሲስተር ጋር ለብቻችሁ መነጋገር ነው። ፈረቃ ከሚቀያየርበት ሰዓት ውጭ፣ ሥራ ቀለል ባለበት ቀን፣ ወረቀትም ስልክም ሳትይዢ ሂጂ። «ሲስተር፣ ያን ዕለት በሰው ፊት እንደዚያ መናገሬ ስሕተት ነበር፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ» በዪ፤ ይቅርታውንም «ነገር ግን» በሚል ቃል አታስከትዪው። ከዚያም ከልብሽ ጠይቂያቸው፦ ይህ የሦስት ቀን ደንብ ሲጀመር እዚህ ነበሩ ወይ? ምን ታይቶ ነው የመጣው? ምናልባት እግዜር ያተረፈውን አንድ ታካሚ ያስታውሱ ይሆናል፤ ምናልባትም እርሳቸውም ከሌላ ሰው ተቀብለውት እንጂ መነሻውን አያውቁት ይሆናል። በሁለቱም በኩል ትልቅ ነገር ትማሪያለሽ። በዚያ ቀን ስለ ጥናቱ አንድም ቃል ባትተነፍሺ ይሻላል፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው ነው።

በዚያው ንግግር ላይ ሳትነቅዪ የተውሻቸውን ሁለት ካኑላዎች ብትነግሪያቸው እመርጣለሁ፤ ከቻርት ላይ አንብበው ከሚደርሱበት ካንቺ አፍ ቢሰሙት ይሻላልና። ይህ እንደሚከብድሽ አውቃለሁ። እንቅልፍ የነሣሽ ግን ይኸው ነው፤ እንቅልፍ ማጣትሽ ደግሞ ልክ ነው። ካኑላውን ስትተዪው አንቺ አይተሽዋል፣ ደህና መሆኑንም አረጋግጠሻል፤ ከአንቺ የተረከበችው ነርስ ግን ሦስት ቀን ያለፈው መሆኑን አታውቅም፤ ተቀይሯል ብላ ስለምታስብ በማግስቱም ላታየው ትችላለች። በአንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ደንብ በድብቅ ሲሠራ ታካሚው በሁለቱ መካከል ይወድቃል። ደግሞም ከእነዚያ ከሁለቱ አንዱ ቢመረቅዝ ኖሮ ጥፋቱ በአንቺ ላይ ብቻ አይቀርም ነበር፤ «ያ ጥናት የሚሉት ነገር ያመጣብን ጣጣ» ተብሎ ለዓመታት በሩ ይዘጋ ነበር። ስለዚህ ከሦስቱ አማራጮችሽ በዝምታ መቀጠሉን ከዛሬ ጀምሮ ተዪው።

ስለ ዜመልቫይስ በትምህርት ቤት ሳትሰሚ አልቀረሽም። እ.ኤ.አ. በ1847 በቪየና የማዋለጃ ክፍል ሐኪሞች በክሎሪን ውሕድ እጃቸውን እንዲታጠቡ አድርጎ የእናቶችን ሞት በእጅጉ የቀነሰው ሐኪም ነው። ብዙ ጊዜ የሚነገረው ዘመኑ እንዳልተቀበለው ነው፤ እምብዛም የማይነገረው ግን መጽሐፉን ያሳተመው ከ14 ዓመት በኋላ መሆኑና ከዚያም ተቃዋሚዎቹን ነፍሰ ገዳይ እያለ ግልጽ ደብዳቤ ይጽፍባቸው እንደነበር ነው። ቁጥሩ ከእርሱ ጋር ነበር፤ ሰዉ ግን አልነበረም።

ከንግግሩ በኋላ ከየት እንጀምር ካልሽኝ፣ ከሦስት ቀኑ ደንብ አትጀምሪ። ማንም ከማይጣላበት፣ ከደንቡም ጋር ከማይጋጭ ነገር ጀምሪ። ዛሬ ወደ ክፍልሽ ገብተሽ አልጋ በአልጋ ብትዞሪ፣ መድኃኒታቸው ወደሚዋጥ ተለውጦ፣ ፈሳሽም ቆሞላቸው፣ «ለምናልባቱ» ተብሎ ብቻ ካኑላ ክንዳቸው ላይ የቀረ ሰዎች ሳታገኚ አትቀሪም። የማይሠራ ካኑላ ጥቅም ሳይሰጥ አደጋ ብቻ ይዞ የተቀመጠ ነገር ነው፤ ከፍተኛ የደም መፍሰስ የሚያሰጋው ወይም በሌላ ምክንያት የደም ሥሩ ክፍት እንዲሆን ሐኪሙ የፈለገለት ታካሚ ካልሆነ በቀር መነቀል አለበት። ሲስተርን «በርክክብ ላይ ለእያንዳንዱ ታካሚ ‹ካኑላው ዛሬም ያስፈልገዋል?› የሚል አንድ ጥያቄ ብንጨምርስ?» ብለሽ ጠይቂያቸው። ይህ ጥያቄ ገንዘብ አያስወጣም፣ ስብሰባም አይጠይቅም፤ በጎኑ ግን በየቀኑ ካኑላን የማየት ልማድ ያስገባል፤ ቀደም ብዬ ቀጠሮ ያልኩሽ ነገር በሌላ በር ይገባል ማለት ነው። ሐሳቡን እርሳቸው እንደ ራሳቸው አድርገው ቢያቀርቡትም ደስ ይበልሽ፤ በክፍሉ ሃያ ሁለት ዓመት የሠራ ሰው ሲናገረው በአንድ ሳምንት የሚሠራው ሥራ አንቺ ስትናገሪው ዓመት ሊፈጅ ይችላል።

ጎን ለጎን መቁጠር ጀምሪ፤ ይህንንም በእርሳቸው ፈቃድ። አንድ ደብተር ይበቃል። የታካሚ ስም ሳታሰፍሪ፣ ካኑላው የተደረገበትን ቀንና የክንዱን ቦታ፣ ስንት ጊዜ ከተወጋ በኋላ እንደተሳካ፣ መቼና ለምን እንደተነቀለ ጻፊ፤ አብጦ ነው፣ ተዘግቶ ነው፣ አምሞ ነው፣ ሕክምናው አልቆ ነው ወይስ ቀኑ ደርሶ ብቻ? ለብግነቱ በየሰዉ ዓይን ከመለካት ይልቅ አንድ መለኪያ ተጠቀሙ፤ ብዙ ሆስፒታሎች የሚሠሩበት፣ አንድሩው ጃክሰን እ.ኤ.አ. በ1998 ያስተዋወቀው ከ0 እስከ 5 የሚሄድ የዓይን መመዘኛ አለ። ምንም ምልክት ከሌለ 0፤ ትንሽ ሕመም ወይም ትንሽ መቅላት ብቻ ከሆነ 1፣ ማለትም እየታየ ይቆያል፤ ከሕመም፣ ከመቅላትና ከእብጠት ሁለቱ አንድ ላይ ከታዩ 2 ነው፣ ያኔ ቀኑ ደረሰም አልደረሰም ይነቀላል። ደብተሩ የሚጠቅምሽ ለአንድ ነገር ነው፤ በሩቅ አገር ስለተጠኑ 3,283 ሰዎች የሚነገረውን የማይቀበል ሰው «ባለፈው ወር በእኛ ክፍል ደህና ሳሉ የተነቀሉት ይህን ያህል ናቸው፣ እነርሱን ለመተካት የተወጋው ደግሞ ይህን ያህል ጊዜ ነው» ሲባል ግን ጆሮ ይሰጣል። ምናልባትም ደብተሩ አንቺኑ ያስገርምሽ ይሆናል፤ ካሰብሽው በላይ ብዙ ካኑላዎች ሦስት ቀን ሳይሞላቸው ተበላሽተው ብታገኚ፣ ችግራችሁ ከደንቡ ይልቅ አተካከሉና አያያዙ ላይ ነው ማለት ይሆናል። ለዚያም ተዘጋጂ።

ቁጥሩ የአንቺን ሐሳብ ከደገፈ ያኔ ጥናቶቹን ይዛችሁ፣ ሁለታችሁ አብራችሁ፣ ወደ ኢንፌክሽን መከላከል ኮሚቴው ሂዱ። ከመሄዳችሁ በፊት የሆስፒታሉ የጽሑፍ መመሪያ ምን እንደሚል አንብቡ፤ አንዳንድ ጊዜ በልማድ ሲሠራበት የኖረው ነገር መመሪያው ላይ ጭራሽ ሳይገኝ ይቀራል፤ እንዲህ ሆኖ ከተገኘ ደግሞ ግማሹ መንገድ ተጠናቀቀ። የምትጠይቁት ደንቡ እንዲሻር ሳይሆን በጥቂት አልጋዎች ላይ፣ ለአንድ ወር፣ በሙከራ እንዲታይ ይሁን። በሙከራው ውስጥ እያንዳንዱ ካኑላ በየፈረቃው ታይቶ ነጥቡ ቻርት ላይ ይሰፍራል፤ ሳይታይ ያለፈ ፈረቃ ከበዛ ግን ሙከራው ይቆማል፤ በድንገተኛ ክፍል በጥድፊያ፣ ንጽሕናው ሳይረጋገጥ የተደረገ ካኑላም ሦስት ቀን ሳይጠበቅ በጊዜ ይቀየራል። ራሳቸውን ስተው የተኙና ሕመማቸውን መናገር የማይችሉ ሰዎች መጀመሪያ ባይካተቱ እመርጣለሁ። ለተካተቱት ደግሞ «ቦታው ቢያቃጥልዎ፣ ቢያብጥብዎ፣ ሌሊትም ቢሆን ይጥሩን» ብላችሁ ንገሯቸው። እኒያ እናት ጥያቄያቸውን በጊዜው የጠየቁት ማንም ሳይፈቅድላቸው ነው፤ ቢፈቀድላቸው ምን ያህል ይናገሩ እንደነበር አስቢው።

ይህ ሁሉ ለአንዲት ነርስ ብዙ እንደሆነ አይጠፋኝም። ሳንድራ ፈንክና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1991 ባሳተሙት ጥናት የአሜሪካ ነርሶች ምርምርን በሥራ ላይ እንዳያውሉ የሚከለክላቸው ምን እንደሆነ ሲጠየቁ ቀድሞ የተነሣው የታካሚን አያያዝ ለመለወጥ የሚያስችል ሥልጣን የለንም የሚለው ነበር፤ የጊዜ እጥረትም ከፊተኞቹ አንዱ ነው። ስለዚህ የገጠመሽ የአንቺ ድክመት ወይም የሲስተር ክፋት ብቻ አይደለም። ብቻሽን አትሸከሚው፤ በዚያ ቀን ከሳቁት መካከል ቀድማ መሳቋን ያቆመች አንዲት ባልደረባ አትጠፋም፤ ደብተሩን ከእርሷ ጋር ያዢው፣ ያንቺ ፈረቃ ባልሆነ ቀን እርሷ ትጽፋለች። «ፕሮፌሰር» የሚለው ስም ለጊዜው ይቆያል፤ አትቆጪበት። አንድ ቀን አንዷ ጠጋ ብላ «ፕሮፌሰር፣ እስቲ ይቺን ክንድ እያት፣ ይነቀል ወይስ ይቆይ?» ስትልሽ ስሙ ትርጉሙን ለውጧል ማለት ነው።

ውኃ ሳይቀምሱ ስለሚውሉት ሰዎች ያነሣሽው ነገር እውነተኛ ነው፣ ምናልባትም ከካኑላው ይልቅ ታካሚውን የሚያጎሳቁለው እርሱ ነው። በቀጠሮ ቀዶ ሕክምና የሚደረግለት፣ ሆዱ ምግብ ለማሳለፍ ችግር የሌለበት አዋቂ እንደ ውኃና ወተት የሌለው ሻይ ያሉ ጥርት ያሉ ፈሳሾችን ሰመመን ከመወሰዱ ከ2 ሰዓት በፊት ድረስ መጠጣት እንደሚችል፣ ቀለል ያለ ምግብ ደግሞ ከ6 ሰዓት በፊት ማቆም እንዳለበት የሰመመን ሕክምና ማኅበራት መመሪያዎች እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምረው ይናገራሉ። የአንጀት መዘጋት ያለበትና ድንገተኛ ቀዶ ሕክምና የሚደረግለት ሰው ግን በዚህ አይታይም። ይሁንና ይህ የነርሶች ውሳኔ ብቻ አይደለም፤ የሰመመን ባለሙያው፣ የቀዶ ሕክምና ቡድኑ፣ በየሰዓቱ የሚለዋወጠውም የተራ ዝርዝር ይገቡበታል። አሁን አትንኪው። በክፍልሽ ውስጥ አንድ ነገር አብሮ የመለወጥ ልምድ ሲኖራችሁ፣ አንድ የሰመመን ባለሙያ ይዛችሁ ትጀምሩታላችሁ፤ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ብታነሺ ግን «ሁሉም ነገር አይጥማትም» ይሉሽና ሁለቱም ይቀራሉ።

ስለ ዝውውሩ የምለው አጭር ነው። መዛወር ሽንፈት አይደለም፤ ሲስተር ይቅርታሽን ሰምተው፣ ደብተሩን አይተው፣ ኮሚቴውም መልስ ሰጥቶ፣ ከዚያ በኋላም በየጠዋቱ ሆድሽን እየቆረጠሽ የምትገቢ ከሆነ ሂጂ፣ እኔም አልከለክልሽም። አሁን ብትሄጂ ግን በአዲሱ ክፍል ሌላ የሦስት ቀን ደንብ፣ ሌላም ሲስተር ይጠብቁሻል፤ የዚህኛው ክፍል ጉዳይ ደግሞ እልባት ሳያገኝ አብሮሽ ይሄዳል። ለራስሽ ሦስት ወር ስጪ። ቅጹን ከቦርሳሽ አውጥተሽ ቤት አስቀምጪውና በቦታው ደብተሩን ያዢ። ነገ ስትገቢ ከርክክቡ በፊት አንድ ዙር ዞረሽ ያለ ሥራ የተቀመጡ ካኑላዎችን ቁጠሪ፤ ከሲስተር ጋር ስትቀመጪ ከይቅርታው ቀጥሎ ምን እንደምትዪ ቢጠፋሽ፣ ያን ቁጥር ነግረሻቸው እርሳቸው ምን እንደሚያስቡ ጠይቂያቸው።